ሰማያዊው ቀለምና አራተኛው ጥያቄ

ስልኩ የተደወለልኝ ማክሰኞ ጠዋት፣ እናቴን መርፌ ወግቼ ስሪንጁን ወደ ባዶ ቆርቆሮ ስጥል ነው። የደወለችው ሴት ድምፅዋ ለስላሳ ነበር፤ «እርስዎ» እያለች ነበር የምታናግረኝ። ለቃለ መጠይቅ አልፈዋል፣ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮአችን ይምጡ፣ መታወቂያዎን እንዳይረሱ አለችኝ። አመሰገንኳት። ስልኩን ከመዝጋቴ መጠርጠር ጀመርኩ። አሶሳ ውስጥ በመንግሥት ሥራ ፀጉሬ እስኪሸብት ስኖር ለሥራ ጉዳይ ደውሎ «እርስዎ» ያለኝ ሰው ትዝ አይለኝም።

ያመለከትኩት ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ነበር። የውሃ ፕሮጀክታቸውን መረጃ የሚይዝ ሠራተኛ እንፈልጋለን ብለው በየቢሮው ሰሌዳ ላይ ለጥፈው ነበር። እኛ አገር ማስታወቂያ የሚለጠፈው ሰውዬው ከተመረጠ በኋላ ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። ያም ሆኖ አመለከትኩ። ያለፈቃዴ ከአሶሳ ርቃ ወዳለችው ካማሺ እንድዛወር ተወስኖብኝ ስለነበር ሌላ መውጫ አልነበረኝም።

አዲስ መዋቅር ተሠራ ተብሎ ስማችን በግድግዳ ላይ ሲለጠፍ፣ ከወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት እኔ ብቻ ነበርኩ ካማሺ የደረሰችኝ። ካማሺ ሰው አይኖርበትም አላልኩም። እናቴ ግን ስኳር አለባት፤ ዓይኗ ስለደከመ ስሪንጁ ላይ ያለውን መስመር ማየት አትችልም። ጠዋትና ማታ የምወጋት እኔ ነኝ። መንገዱ ዞሮ ነው የሚሄደው፤ ሰላም ሲሆን አንድ ቀን ይፈጃል፣ ሲዘጋ ደግሞ መቼ እንደሚከፈት አላህ ነው የሚያውቀው። እሷን ይዤ እንዳልሄድ ከመንደሯ አልወጣም ብላ ምላለች። «አንዴ በመኪና ጭነው አምጥተውኛል፣ ሁለተኛ አልጫንም» ነው መልሷ። እንግዲህ ይህን ሥራ ካገኘሁ አሶሳ እቀራለሁ፤ ካላገኘሁ አዲሱ ወር ሳይብት ካማሺ እገባለሁ። ነገሩ ይኸው ነው።

እናቴና አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው ከሰው ቁመት በሚበልጥ ሣር መሀል የሰፈሩ ናቸው። መንደራችን ስም አልነበራትም፤ የተሰጣት ቁጥር ነው፣ እስከዛሬም በቁጥሯ ነው የምትጠራው። ጠርጣራነቴን የወረስኩት ከእናቴ ነው። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይገኛል ስንጥር» እያለች ነው ያሳደገችን። ቃለ መጠይቁን ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ማን እንደሚጠይቀኝ ነበር። አላውቅም አልኳት። እንግዲያው ብዙ አትናገሪ አለችኝ።

ስለ ሥራ ምዘና ትንሽ ልናገር፤ ያለዚያ የቀረው አይገባም። በእኛ መሥሪያ ቤት በየስድስት ወሩ ቅጽ ይሞላልናል። ከሚጠበቀው በታች፣ የሚጠበቀውን ያህል፣ ከሚጠበቀው በላይ ይላል። ከመሞላቱ በፊት ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ግምገማ እናደርጋለን። ግምገማ ላይ ተነሥቶ «እኔ ይህን ሠራሁ» የሚል ሰው ጅል ነው። ወዲያው ሦስት እጅ ይወጣና የረፈደበት ቀን፣ ያልመለሰው እስክሪብቶ፣ ለኃላፊው ያላቀረበው ሰላምታ ሁሉ ይዘረዘርበታል። ብልጥ የሆነ ሰው የሚናገረው በ«እኛ» ነው፤ ከዚያ ግለ ሂሱን ያቀርባል፤ ከባድ ያልሆነ ጥፋት መርጦ በራሱ ላይ ይመሰክርና ይቀመጣል። እኔ በዚህ የተካንኩ ነበርኩ። አንዳንድ ጊዜ በዝናብ ወራት አረፍዳለሁ፣ ይህን ለማሻሻል እየጣርኩ ነው ብዬ ለስንት ዓመት ያንኑ ጥፋት አቅርቤአለሁ።

«ከሚጠበቀው በላይ» የምትለዋ ደግሞ በተራ ነበር የምትዞረው። እድገት የደረሰለት፣ ለዝውውር ወረቀት የሚፈልግ፣ ትምህርት ሊያመለክት ያሰበ ሰው ይወስዳታል፤ ቀሪዎቻችን «የሚጠበቀውን ያህል» ይዘን ተራችንን እንጠብቃለን። እኔም አንድ ጊዜ ደርሳኝ ነበር። በዚያ ስድስት ወር ምን የተለየ ነገር ሠራሽ ብትሉኝ፣ አንድ ወር ሙሉ በወባ ተኝቼ ነበር።

ከሚጠበቅብኝ በላይ የሠራሁት ሌላ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ያገኘሁት «ከሚጠበቀው በታች» ነበር።

የምሠራው መዝገብ ቤት ነው። ደብዳቤ ይመጣል፣ ቁጥር እሰጠዋለሁ፣ ማህደሩ ውስጥ አስገባዋለሁ። የመንደር የእጅ ፓምፖች ሲበላሹ ማመልከቻ የሚሞላውም እኔ ጋ ነው። ቅጹ የፓምፑን መለያ ቁጥር ይጠይቃል፤ ቁጥር ከሌለው ለሜካኒኩ ነዳጅ አይፈቀድም። ቁጥሮቹ ደግሞ ያሉት ቢሮ ውስጥ፣ በአንድ ያረጀ ዝርዝር ላይ ብቻ ነው። ፓምፖቹ ራሳቸው ላይ ምንም አልተጻፈም። ሰው የሚያውቀው የአክስቱ ቤት አጠገብ ያለውን ፓምፕ ነው፤ መለያ ቁጥሩን ከየት ያምጣው?

ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ፣ የአካባቢው ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከበርታዎች መንደር አንዲት አሮጊት ቢጫ ጀሪካን ይዘው መጡ። «ፓምፕ ሞቷል። አንተ ጻፍ» አሉኝ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔም አንተ መባሉን ለምጄው ነበር። ቁጥሩን ጠየቅኳቸው። «ቁጥር የለም። ውሃ የለም» አሉ። ቅጹን ክፍት ትቼ ሰደድኳቸው። በሁለተኛው ሳምንት ተመለሱ፤ ያንኑ ተባባልን። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ባዶውን ጀሪካን ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከማህተሙ አጠገብ አስቀመጡና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እስከ ምሳ ሰዓት እንደተቀመጡ ቆዩ። አፈርኩ። ማፈር ብቻም አይደለም፣ ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን ለራሴም አልገባኝም።

ኮሪደራችን መጨረሻ ላይ፣ እንግዳ ይመጣል ተብሎ በሮቹ ሲቀቡ የተረፈ ሰማያዊ ቀለም ነበር። አስፈቅጄ ልውሰደው ብል ደብዳቤ ጻፊ እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ደብዳቤውንም መዝግቤ ማህደር ውስጥ የምቀብረው እኔው ነኝ። ስለዚህ ሳልጠይቅ ወሰድኩት። ከሜካኒኩ ጋር ቁጭ ብዬ የትኛው ቁጥር የትኛው መንደር እንደሆነ አንድ በአንድ ጻፍኩ። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ባጃጅ እስከሚገባበት በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ በእግሬ እየሄድኩ በየፓምፑ ሲሚንቶ ላይ ቁጥሩን ጻፍኩበት።

ሰዉ አላመነኝም። በእኛ በሰፋሪዎቹ መንደር አንድ ገበሬ ሞፈሩን እንደተሸከመ መጥቶ፣ ለመሬት ልኬት ነው አይደል ብሎ ፊቱን አጠቆረብኝ። በበርታዎቹ መንደር አንድ ሽማግሌ ቀለሙ እስኪደርቅ አጠገቤ ተቀምጠው ጠበቁ፤ ቁጥሩ ለግብር ይሁን ለሌላ ነገር ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። አልፈረድኩባቸውም። በእኛ አካባቢ ሰውና ንብረት ሲቆጠር ብዙ ጊዜ ደግ ነገር አልተከተለም። እኔም ራሴ ደጄ ላይ ቁጥር የምትጽፍ ሴት ባይ ቀለሙን እደፋባት ነበር። ሲበላሽ ይህን ቁጥር ብቻ መጥታችሁ ንገሩኝ፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም እያልኩ ዞርኩ።

ወር ሳይሞላ እኚያ አሮጊት ተመለሱ። ጀሪካን አልያዙም። በሩ ላይ ቆመው፣ «አርባ ሰባት ሞቷል» አሉ። ቅጹን ሞላሁ፣ ነዳጅ ተፈቀደ፣ ሜካኒኩ በሳምንቱ ሄዶ ሠራው። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ የገባሁበት የሥራ ቀን የለኝም፤ ይህን ሳላፍር እናገራለሁ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ዓመታዊ የንብረት ቆጠራ መጣና ቀለሙ ጎደለ። የንብረት ክፍሉ ሰው በማን ትዕዛዝ እንደወሰድኩት ጠየቀኝ፤ ትዕዛዝ አልነበረኝም። ኃላፊዬ አስጠሩኝ። ረጋ ያሉ፣ ጥቂት የሚናገሩ የበርታ ሰው ናቸው፤ እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው። ነገሩን እስከ መጨረሻ ሰምተውኝ «ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ» ብቻ አሉኝ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ምዘናዬ «ከሚጠበቀው በታች» ተብሎ መጣ፤ ፈራሚው እሳቸው። በዚያው ቀን ደግሞ አንድ የታሸገ ቡኒ ፖስታ ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። በላዩ ላይ ስሜና «ምስጢር፣ ለግል ማህደር» የሚል ተጽፎበታል፤ ጽሕፈቱ የኃላፊዬ ነው። ክስ እንደሆነ ገባኝ። መዝገብ ቤት የታሸገ አይከፍትም። በእጄ ቁጥር ሰጠሁት፣ በእጄ ማህደሬ ውስጥ አስገባሁት፣ ቁም ሣጥኑን ቆለፍኩ።

የዚያን ዓመት እድገቴ አመለጠኝ። ከዚያ በኋላ ከጋሼ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም። እሳቸው ወደ ክልሉ ቢሮ በእድገት ሄዱ፤ እኔ ለእናቴ፣ ለወንድሜ፣ ለጎረቤት በደሌን ስናገር ኖርኩ። ካማሺ የሚል ዝርዝር ሲለጠፍም መጀመሪያ በሐሳቤ የመጡት እሳቸው ነበሩ።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ድርጅቱ ግቢ ደረስኩ። ዘበኛው ወንበር አቀረበልኝ፤ ወንበር ማቅረቡንም በክፉ ተረጎምኩት። ከእኔ በፊት የገባው ወጣት ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ይመስላል፤ ሲወጣ እየሳቀ ነበር። ቃለ መጠይቅ ላይ የሚያስቅ ምን አለ ብዬ አሰብኩ፤ ሥራው የእሱ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ስገባ ሦስት ሰዎች ተደርድረዋል። አንዷ ከአዲስ አበባ የመጣችው፣ በስልክ «እርስዎ» ስትለኝ የነበረችው ወጣት ናት። ሁለተኛው የፕሮጀክቱ አስተባባሪ፣ መነጽር ያደረገና ቀና ሳይል የሚጽፍ ሰው ነው። ሦስተኛው፣ የውሃ ቢሮን ወክለው የተቀመጡት፣ ጋሼ ናቸው። እሳቸው ግን ለማያውቁት ሰው እንደሚደረግ ራሳቸውን ነቀነቁና ወረቀታቸውን ተመለከቱ። አጅሬ፣ የማያውቀኝ ለመምሰል ነው አልኩ በሆዴ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥያቄዎች በደህና አለፍኳቸው። ስለ ራሴ ነገርኳቸው፣ ማህደር እንዴት እንደሚደራጅ አስረዳሁ፣ ኮምፒዩተር ላይ የምችለውንም የማልችለውንም ተናገርኩ። ወጣቷ ፈገግ እያለች ነጥብ ትሞላለች። ከዚያ ገጹን ገልጣ አራተኛውን ጥያቄ አነበበች፤ «በሥራዎ ላይ ከተጠበቀብዎ በላይ የሠሩበትን አንድ ጊዜ በምሳሌ ይንገሩን።»

አየሁ። ወጥመዱ ይኸ ነው አልኩ። መነጽር ያደረገው ሰው እንኳ ቀና አለ። ጋሼ እስክሪብቶአቸውን አስቀምጠው በቀጥታ ተመለከቱኝ።

በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን ሁሉ ዛሬም አስታውሳለሁ። የምዘና ወረቀቴ ከማመልከቻዬ ጋር ተያይዟል፤ «ከሚጠበቀው በላይ» የሚለው እዚያ አለ። ስለ እሱ ልናገር? በወባ ተኝቼ በተራ የደረሰኝ መሆኑን ጋሼ ያውቃሉ፤ የፈረሙት እሳቸው ናቸው። ስለ ፓምፖቹ ልናገር? በመንግሥት ቀለም፣ ያለ ትዕዛዝ፣ ሳልጠየቅ የሠራሁትን በገዛ አፌ መስክሬ በሦስት ሰው ፊት ላስመዘግብ ነው። ከዚያ እሳቸው «አዎ፣ በዚህ ጉዳይ ማህደሯ ውስጥ ክስ አለ» ማለት ብቻ ነው የሚቀራቸው። ከእርዳታ ድርጅት ንብረት አጠገብ ማን ያስቀምጠኛል? እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ እኔም ከዚያች ጥያቄ በረየሁ።

እና ምን አደረግሁ? ግለ ሂስ አቀረብኩ።

ሥራ የጋራ ነው አልኳቸው። ከተጠበቀብን በላይ ሠርተን ከሆነ የሠራነው በጋራ ነው፤ እኔ በግሌ የታዘዝኩትን በሰዓቱ ፈጽሜአለሁ፣ ከታዘዝኩት ውጭ እጄን አስገብቼ አላውቅም። እጥረት አለብኝ፤ በዝናብ ወራት አንዳንድ ጊዜ አረፍዳለሁ፣ ይህንንም ለማሻሻል እየጣርኩ ነው። ወጣቷ ግራ ተጋብታ አየችኝ። ስለ እጥረት አልጠየቅኩም እኮ፣ ለምሳሌ አንድ ነገር ብቻ ቢነግሩን አለች። ለምሳሌ የጠዋት ፊርማ ላይ አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ እዘገይ ነበር አልኳት። መነጽር ያደረገው ሰው አንገቱን ደፍቶ ጻፈ።

ያን ጊዜ ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። ድምፃቸው እንደ ድሮው ዝቅ ያለ ነበር።

«ከቢሮ ውጭ የሠራሽው ነገር የለም? ቅዳሜም ቢሆን፣ ማንም ሳያዝሽ?»

መጣ፣ አልኩ በልቤ። መንጠቆውን እያየሁት አልውጠውም።

«የለም» አልኩ።

«በደንብ አስቢ።»

«አስቤአለሁ ጋሼ። ማንም ሳያዘኝ የሠራሁት የለም።»

ጥቂት ተመለከቱኝና እስክሪብቶአቸውን አነሡ። የቀሩት ጥያቄዎች ቶሎ አለቁ። ከግቢው ስወጣ ትልቅ ጉድጓድ ዘልዬ ያለፍኩ መስሎኝ ነበር። ማታ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ያ ሰውዬ እዚያ ነበር አልኳት፤ እጅ ከፍንጅ ሊይዘኝ ሞክሮ አልተያዝኩለትም አልኳት። «አላልኩሽም?» አለችኝ። እናትና ልጅ ብልጠታችንን አደነቅን።

ውጤቱ በሰሌዳ ሲለጠፍ ሁለተኛ ወጥቼ ነበር። አንደኛው ያ ሲስቅ ያየሁት ወጣት ነው። በመካከላችን ያለው ልዩነት የአንድ ጥያቄ ነጥብ አይሞላም። ተጠባባቂ ይላል በስሜ ትይዩ። ተጠባባቂ ማለት ካማሺ ማለት ነው። ሰሌዳው ፊት ቆሜ ቀድሞውኑ የታወቀ ነበር እያልኩ ለራሴ ነገርኩ፤ ልቤን የሚያሳርፈው ይህ ነበር።

ለዝውውሩ የቢሮ ንብረትና ዕዳ እንደሌለብኝ የሚያሳይ ክሊራንስ ማስፈረም ነበረብኝ። ከፈራሚዎቹ አንዱ ክልል ቢሮ ያሉት ጋሼ ናቸው። ሌላ ሰው ይፈርምልኝ እንደሆነ ጠይቄ አይሆንም ተባልኩ። ገባሁ። ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡት፤ ሳይፈርሙ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ስለ ቁጥሮቹ ለምን አልነገርሽንም?» አሉኝ።

ዓይኔን ያልተፈረመው ወረቀት ላይ ተከልኩ።

«አራተኛዋን ጥያቄ ያስገባኋት እኔ ነኝ። እነዚያ ሰዎች ከሩቅ ነው የመጡት፣ አያውቁሽም። እኔ ብነግራቸው አድልዎ ይሆናል። ከአፍሽ እንዲሰሙ ፈልጌ ነበር።»

አላመንኳቸውም። እውነቱን ነው የምጽፈው፤ በዚያች ደቂቃ እንኳ ምን ፈልገው ነው ብዬ ነው ያሰብኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ አሁን ምን ያደርግልኛል ብዬ በሆዴ አጉረመረምኩ። በአፌ ግን ሌላ ወጣኝ። ያኔ ከሚጠበቀው በታች ብለው የፈረሙብኝ እርስዎ አይደሉም ወይ፣ ክሱንስ የጻፉብኝ እርስዎ አይደሉም ወይ አልኳቸው። ድምፄ ሳላስበው ከፍ ብሎ ነበር።

ክስ ስል ፊታቸው ተለወጠ። መዝገብ ቤት የምትሠሪው አንቺ፣ ማህደርሽን ከፍተሽ አይተሽው አታውቂም ብለው ጠየቁኝ። የታሸገ አንከፍትም አልኳቸው። ፈርመው ወረቀቱን ሰጡኝ።

በማግስቱ የሰው ሀብት ባልደረባዋ ማህደሬን ወደ ካማሺ ልትልክ ገጹን ትቆጥር ጀመር። ማህደር ሲዛወር እያንዳንዱ ገጽ ይቆጠራል፤ የታሸገም ቢሆን ተከፍቶ ይቆጠራል፣ ባለ ማህደሩም ቆሞ ያያል። የቅጥር ደብዳቤዬ ወጣ፣ የሕመም ፈቃዴ ወጣ፣ ከዚያ ቡኒው ፖስታ ወጣ። ፊቱ ላይ በእኔ እጅ ጽሕፈት፣ በእኔ እስክሪብቶ የተሰጠው ቁጥር አለ። በመቀስ ቀደደችውና አንድ ገጽ ብላ ወደ ጎን ልታደርገው ስትል ለመንኳትና ተቀበልኳት።

ለንብረት ክፍል የተጻፈ ደብዳቤ ግልባጭ ነበር። አጭር ነው። ሠራተኛዋ ቀለሙን ወስዳ በፓምፖቹ ላይ ቁጥር እንድትጽፍ በቃል ያዘዝኳት እኔ ነኝ ይላል። ቀለሙን እኔ በራሴ ተክቻለሁ ይላል። የጽሑፍ ትዕዛዝ ሳትጠይቅ በመሥራቷ በምዘና ስለተቀጣች ጉዳዩ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ እንዳይቀርብና እዚህ ላይ እንዲዘጋ እጠይቃለሁ ይላል። ከታች የጋሼ ፊርማ።

እሳቸው አላዘዙኝም ነበር። ቀለም መወሰዱን ያወቁት የንብረት ክፍሉ ሰው ከነገራቸው በኋላ ነው። በሕይወታቸው ሲዋሹ ሰምቻቸው የማላውቅ ሰው፣ ለእኔ ሲሉ በማህተም ዋሽተዋል። እኔ ደግሞ ያን ደብዳቤ በገዛ እጄ ቁጥር ሰጥቼ፣ በገዛ እጄ ቆልፌ፣ ቁልፉን በአንገቴ አንጠልጥዬ ስማቸውን ሳጠፋ ኖርኩ። ባልደረባዋ ምን ሆንሽ አለችኝ። ወንበር ስጪኝ አልኳት።

ወደ ክልል ቢሮ ተመለስኩ። ግቢው ውስጥ፣ ወደ መስክ የሚወጣ መኪና አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። ይቅርታ ልጠይቅ መንገዱን ሙሉ ቃል ስመርጥ ነበር የመጣሁት፤ ደርሼ ፊታቸው ስቆም ግን የወጣኝ ያው የለመድኩት ጥያቄ ነው።

«ለምንድን ነው ያደረጉት?»

«ሥራ ነበራ የሠራሽው» አሉ። መኪናው ላይ ወጡ፣ በሩ ተዘጋ።

ካማሺ ልገባ ሁለት ቀን ሲቀረኝ የወንድሜን ሚስት መርፌ ማስተማር ነበረብኝ። ስሪንጁን ወደ ብርሃኑ ይዛ መስመሩን ትቆጥራለች። እናቴ ክንዷን ዘርግታ አልጋው ላይ ተቀምጣለች፤ ከሰሌዳው ቀን ጀምሮ በልቧ የያዘችው ነገር እንዳለ ከፊቷ ያስታውቃል።

«ከሥራው ያስቀረሽ ማነው? ያ ሰውዬ ነው አይደል?» አለችኝ።

«አይደለም።»

«እና ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

እናቴ አላመነችኝም። ጭንቅላቷን ነቅንቃ፣ እንዲህ ብለሽ እንድትናገሪ ያደረገሽ እሱ ይሆናል አለች። የወንድሜ ሚስት የቱ ጋ ነው የምወጋት ብላ ጠየቀችኝ። እጇን ይዤ አሳየኋት።